ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ የማይተነፍስ ጎማ

ከሀዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሐይቁ ነው። «ሐይቁ እንዴት ነው? ዓሣውስ? ፍቅር ሐይቅ ዳር ተናፈሳችሁ?» ይሉኛል። ሐይቁን አላየሁትም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ በባጃጅ ስናልፍ በሁለት ሕንፃዎች መካከል አንድ ሰማያዊ ነገር አይቻለሁ። ውሃ መሆኑን የነገረኝ ሾፌሩ ነው። ስለ ጎማ ግን ጠይቁኝ። ጉለሌ ተቀምጣችሁ ያን ከተማ የማየት ዕድል ላልገጠማችሁ ጎረቤቶቼ ይህን የምጽፈው፣ የሐይቁን ነገር ከሌላ ሰው እንድትሰሙ፣ የጎማውን ነገር ግን ከእኔ ከራሴ እንድትሰሙት ብዬ ነው።

የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም፤ ለሽምግልና ነው። የሟች ወንድሜ ልጅ ዳዊት ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ይሠራል። እዚያው ምሕረት የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ አቶ ዱካሞ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ነው። እነሱ ፕሮቴስታንት፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነንና ነገሩ ከመነሻውም ለስለስ ያለ እጅ የሚፈልግ ነበር። ከእኛ ወገን ሦስት ሽማግሌዎች ከወር በፊት ሄደው ነበር፤ ለቅዳሜ ተቀጥረው እሁድ ደረሱ። አቶ ዱካሞም እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን መልስ አልሰጡም፣ ሌላ ቅዳሜ ቀጠሩ። ሲሸኟቸው ግን «በዚህኛው ከዘገያችሁ ሦስተኛ ቀጠሮ የለም» አሏቸው። ከዚያ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንደኛው ታመሙና እኔ ተተካሁ። ዳዊት አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያደገው በእኔ እጅ ነው። ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ እርስዎ ካሉበት እተኛለሁ» ሲለኝ እኔ ራሴ እንቅልፍ አጣሁ።

ሐሙስ

የእህቴ ባል ታደለ በራፌ ላይ መጥቶ የቆመው ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እስኪያየው ጡሩምባ እየነፋ ነው። መኪናዋ የጀርመን ናት። ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት ፈጣሪ ይወቀው፣ ለእሱ ግን አዲስ ናት። ሻንጣዬን ልጭን የኋላውን ስከፍት እንደ ልማዴ ስኮርታ ጎማውን በዓይኔ ፈለግኩ። የለም። ትርፍ ጎማ ሊቀመጥበት የሚገባው ጎድጓዳ ቦታ ላይ የታደለ ሁለት ጥንድ ጫማና አንድ የልብስ ካውያ ተጋድመዋል።

«ስኮርታው የታለ?» አልኩት።

«አያስፈልጋትም» አለኝ፣ ባለማወቄ እያዘነልኝ። «ራን ፍላት ይባላል። ጎኑ ድንጋይ ነው። ነፋስ ባይኖረው እንኳ ይሄዳል።»

«እስከ የት?»

«እስከ ፈለግክበት።»

መመሪያው እንዲህ ይላል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መመሪያው በጀርመንኛ ነው፤ ታደለ ደግሞ ጀርመንኛ የሚያነበው ሥዕሉን እያየ ነው።

ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ በላይነህ ከፊት ተቀምጠው ነበር። በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፣ የሽምግልናውን ቃል የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው። ፍርድ ቤት ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዋና ሥራቸው እንቅልፍ ነው። ቃሊቲን ሳናልፍ ሥራቸውን ጀመሩ።

ፈጣን መንገዱ ላይ ስንወጣ ታደለን ያለፈውን ጊዜ ጠየቅኩት። ምን አጋጥሟችሁ ነው አንድ ቀን ሙሉ የዘገያችሁት አልኩት። ሳቀ። ለካ ያን ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ ነበር፣ ያውም ሊታለፍ የማይችል ጨዋታ። ጋሽ በላይነህንና ሌላውን ሽማግሌ ቤቱ አስቀምጦ ጨዋታውን አይቶ፣ በማግሥቱ ይዟቸው ሄደ።

«ታዲያ ለሰውየው ምን አልካቸው?»

«ጎማ ተነፈሰብን አልኳቸዋ። ሌላ ምን ይባላል?»

እውነቱን ነው፣ ሌላ ምን ይባላል። በእኛ አገር ሰው ሲዘገይ የሚተነፍሰው ጎማ ነው። ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስሠራ ሰኞ ጠዋት የግማሹ ባልደረባዬ ጎማ ይተነፍስ ነበር፤ መኪና የሌላቸውም ጭምር። ታደለ ግን በዚህ አልበቃውም። ሰሞኑን ለአቶ ዱካሞ ስልክ ደውሎ «ከእንግዲህ የጎማ ወሬ ከእኛ አይሰሙም፤ የአዲሷ መኪናዬ ጎማ አይተነፍስም» ብሏቸው ኖሯል። ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። ያለችንን አንዲት ሰበብ በገዛ አፉ ቀብሯት፣ መቃብሯ ላይ ቆሞ ይኩራራል።

ዝዋይ ላይ ዓሣ በላን። ዓሣው ሳህኑን ሞልቶ፣ ጭራው ወጥቶ ነው የሚቀርበው። እኛ ዘንድ ያን የሚያህል ዓሣ ለሁለት ጠረጴዛ ይከፈላል፣ ከዚያም አስተናጋጁ ውለታ የዋለላችሁ ይመስል ቆሞ ያያችኋል። የዝዋዩ አስተናጋጅ ግን ጋሽ በላይነህ በዓሣው አጥንት እንዳይቸገሩ ሥጋውን ራሱ እየለየ አቀረበላቸው። እሳቸውም ለዚህ ሲሉ ነቁ።

ከዝዋይ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ከወደ ግራ ጎማው «ጧ» የሚል ነገር ሰማሁ። ወዲያው መሪው ፊት ለፊት አንድ ቢጫ መብራት በራ፤ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ነገር መሃል ላይ ቃለ አጋኖ ተቀምጧል። ዕድሜዬን ሙሉ ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁና ቃለ አጋኖ በከንቱ ከገባ የሚሰርዘው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህን የሚሰርዘው አልነበረም።

«ታደለ፣ ምን እያለች ነው?»

«ሰላም እያለችን ነው» አለ። «ራን ፍላት ነው አልኩህ።»

አርሲ ነገሌን ስናልፍ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻሸመኔ ላይ ጋሪው፣ ባጃጁና ሕዝቡ መሃል ስንገባ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ታደለ መስኮቱን ዘጋና ሽታው የሻሸመኔ ነው አለ። እንውረድና እንየው ብለው እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጥቁር ውሃን አልፈን ሀዋሳ ስንገባ መኪናዋ ወደ ግራ አዘንብላ ነበር፣ ታደለ ግን ፊቱ ያበራል።

«ይሄዳል አላልኩህም?»

ጋሽ በላይነህ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መሄዱንስ ይሄዳል፤ ሽታው ግን ቀድሞን ደርሷል» አሉ።

ያረፍነው ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለች አንዲት ፔንሲዮን ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ፀዳለ ባላቸው በመንግሥት ሥራ ተዛውረው ሲመጡ ከጎንደር አብረዋቸው የመጡ፣ አሁን ግን ሀዋሳን የሚነካባቸውን የሚቆጡ ሴት ናቸው። ለሽምግልና መምጣታችንን ሲሰሙ የተያዘ ክፍል አስለቅቀው ነፋሻውን ሰጡን። አልጋው ሰፊ፣ አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ የሚሸት ነው። ጉለሌ ውስጥ አንሶላ ከታጠበ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ እዚህ አንጥፈውት ዞር ሲሉ ይደርቃል አሉኝ። ቀናሁ።

ዓርብ

ጎማውን ለማውለቅ ክሪክ ያስፈልጋል። የጀርመኗ መኪና ክሪክም የላትም፤ ጎማዋ ስለማይተነፍስ ምን ያደርግላታል? ወይዘሮ ፀዳለ ከሦስት ቤት አስለምነው አንድ የጭነት መኪና ክሪክ አስመጡልን፣ እሱም የመኪናዋን አፍንጫ ሰማይ አሳየልን።

ጎማውን ፒያሳ አጠገብ ወዳለ ጎሚስታ እያንከባለልን ሄድን። ሀዋሳን ለማታውቋት ልንገራችሁ፣ መንገዷ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ጉለሌ ውስጥ ጎማ ብትለቁ መርካቶ ትደርሱበታላችሁ፤ እዚህ ግን ካልገፋችሁት ንቅንቅ አይልም። ሌላው ልዩነት ሰዉ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሽማግሌ ጎማ ሲያንከባልሉ ያየ ሰው መንገድ ይለቅና ያልፋል። እዚህ ያየን ሁሉ ይቆማል፣ ሰላም ይለናል፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ያደርጋል፣ ሐሳብ ይሰጣል። ብስክሌት የያዘ አስተማሪ፣ ዣንጥላ የያዙ እናት፣ ሁሉም ስለ ጎማችን ሐሳብ አላቸው። ዛፉ ላይ የተኮለኮሉት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ብቻ ዝም ብለው አዩን፤ እነሱም ቢሆኑ አስተያየታቸውን ታደለ ኮት ላይ ጣሉበት።

ጎሚስታው ወንዴ የሚባል በራሱ የሚተማመን ጎልማሳ ነው። ጎማ የሚያቅተው ሰው አይደለሁም እያለ ጀመረ። ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ አንድ ብረት አጎበጠ፣ ሁለተኛ ብረት አጎበጠ፣ ጓደኞቹን ጠራ። በመጨረሻ ሲላቀቅ ከውስጡ ጥቁር ዱቄት ፈሰሰ። ታደለ ያለ ነፋስ ያን ሁሉ መንገድ ሲነዳው የጎማው ጎን ውስጥ ውስጡን ተፈጭቶ አልቋል። መሃል ላይ የተሰካችው ምስማር የጣቴን ጫፍ አታክልም። ያኔ ዝዋይ አጠገብ ቢቆም በትንሽ ነገር ይደፈን ነበር።

«ከመነዳሪ ልክተትበት?» አለ ወንዴ፣ የውስጥ ላስቲክ እያሳየ።

«ይሄ እኮ ራን ፍላት ነው» አለ ታደለ፣ የተሰደበ ይመስል።

«እሺ፣ ራን ፍላት ከመነዳሪ ልክተትበት?»

ዱቄት ለሆነ ጎማ ከመነዳሪም አይረዳውም። በዚያ ልክ ሌላ ለመግዛት ፒያሳን ከዳር እስከ ዳር ዞርን። ነጋዴዎቹ ደጎች ናቸው፣ የለም ማለት አይወዱም። አንዱ ሻሸመኔ ታገኛላችሁ አለን፣ አንዱ ወንድሙ ዲላ እንዳለው ነገረን፣ አንዱ ደግሞ ወንበር ሰጥቶ ለስላሳ አጠጣንና ጎማ ትቶ ስለ ልጁ ሠርግ አጫወተን። ወንዴ ለጊዜው የሚሆን ያገለገለ ተራ ጎማ አግኝቶ ነበር። ታደለ ግን አንድ እግሯ ጀርመን፣ አንድ እግሯ ሌላ አገር አይሆንም ብሎ እምቢ አለ። አዲስ አበባ ላለ ወዳጁ ደውሎ ጎማው በነገው የማለዳ አውቶቡስ እንዲላክ አደረገ።

ዳዊት ይህን ሲሰማ ደወለልኝ። እንደ ወጉ ልጁ ሽማግሌ ፊት አይቆምም፣ ስለዚህ ከተማው ውስጥ ሆኖም አልመጣም።

«ጋሼ፣ መኪና ልከራይላችሁ?»

ለታደለ ነገርኩት።

«በመኪናዬ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ» አለ። «አሁን በኪራይ መኪና ብሄድ ጎማው ተነፈሰ ማለት አይደል?»

ተነፍሷል እኮ አልኩት። እሱን አንተና እኔ ነን የምናውቀው አለኝ። ፒያሳ በሙሉ ጎማችንን በእግሩ ነክቶ አሳልፎ፣ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። በዚያች ሰዓት ደሜ ፈላ፤ የልጁ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ስልል ብሎ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል።

ምሳ ላይ ወይዘሮ ፀዳለ ጾም ነውና ሽሮና ጎመን አቀረቡልን። ታደለ ዓሣ ጾም ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር አንስቶ ራሱን አሸነፈና ሐይቁ ዳር ሄዶ በላ። ከሦስታችን ሐይቁን በደንብ ያየው እሱ ነው፣ ስለዚህ ስለ ሐይቁ እሱን ጠይቁት።

ቅዳሜ

ቀጠሯችን ለምሳ ሰዓት ነው። ነጭ ጋቢያችንን ወይዘሮ ፀዳለ ራሳቸው ተኩሰው አለበሱን፤ «እንዲህ ሆናችሁ ማን ይከለክላችኋል» ብለው መረቁን። በዚያ ሙሽራ በመሰለ ልብስ መናኸሪያ ሄደን የአውቶቡስ መምጫ ላይ ቆምን። አውቶቡሱ የለም። ረፋዱ ሄደ፣ የለም። ታደለ ለረዳቱ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእኛም አሰማን።

«ወንድሜ፣ የት ደረሳችሁ?»

«መቂ ጋ ነን። ጎማ ተነፍሶብን እየቀየርን ነው።»

«ውሸታም!» አለ ታደለ። በሕይወቱ ጎማ ተነፈሰ የሚለውን ሰበብ ሰምቶ የተናደደው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ረዳቱ ግን አልዋሸም። ጎማችንን የጫነው አውቶቡስ ጎማው ተንፍሷል። ልዩነቱ አውቶቡሱ ስኮርታ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ታደለን አልጠየቅኩትም። የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቆምኩ፣ ጋሽ በላይነህን አስገባሁ፣ ታደለንም በጋቢው ጫፍ ጎትቼ አስገባሁት። ሾፌሩ ማቴዎስ የሚባል የቱላ ሰው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አለሁ አለን፤ መንገዱን ሁሉ እየዘመረ ነዳ። ሐይቁን ያሳየኝም እሱ ነው። ሰዓቱ ገና ነው፣ እንደርሳለን እያልኩ ልቤን ሳረጋጋ፣ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ባጃጁ ወደ አንድ ጎን ተንገዳገደና ቆመ። ማቴዎስ መዝሙሩን አቋርጦ ወረደ።

«አባቶች፣ ጎማ ነው» አለ።

ታደለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጋሽ በላይነህ ግን ነቅተው «ስኮርታ አለህ ልጄ?» አሉት።

«ያለ ስኮርታ ማን ይወጣል አባቴ?» አለ ማቴዎስ። ታደለ እዚያ ያለ አይመስልም ነበር።

ስኮርታ አለው፣ ክሪክ ግን የለውም። ባጃጅ ክሪክ አይፈልግም፤ ሰው ከተገኘ በጎኑ ያዘነብሉታል፣ ሾፌሩ ይቀይራል። ሰው ደግሞ ተገኝቷል። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው። ሦስት ሽማግሌ ጋቢያችንን ወገባችን ላይ አሰርንና ባጃጁን ከሥሩ ይዘን ቀና አደረግነው። ከሥሩ ያለው ግራሶና ጭቃ ነው። ጋሽ በላይነህ የመኪና ብረት ነክተው የሚያውቁ አይመስለኝም፣ ግን እስከ ክርናቸው ገብተው ያዙ። ታደለ የተነፈሰውን ጎማ ተቀብሎ እያንከባለለ ከኋላ ጫነው። መንገደኞች ሮጠው ደረሱልን፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ባጃጅ አቅፈው ሲያዩ አንዲት ሴት «ልጅ ልትጠይቁ ነው ወይ?» ብላ ሳቀች። እጃችን ጥቁር ብሎ፣ መታጠቢያ ውሃ ሳናገኝ ተሳፈርን።

አቶ ዱካሞ በር ስንደርስ ሰዓቱ አልፏል፣ በሩም ተዘግቷል። ርዕሰ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣ ተማሪ ውጭ እንዲቆም ሲያደርጉ ኖረዋል። ሦስታችን በዚያ ዕድሜያችን ያረፈደ ተማሪ ሆነን እንሰቱ ጥግ ቆምን። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ዳዊት ነው። አላነሳሁትም፣ ምን ብዬ አነሳዋለሁ? ታደለ በሩን አንኳኳ።

ራሳቸው ከፈቱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። አላስገቡንም፣ አላባረሩንም።

«ደህና ዋላችሁ። ቀጠሯችን ስንት ሰዓት ነበር?»

ጋሽ በላይነህ ጋቢያቸውን ከወገባቸው ፈቱ።

«ምን ሆናችሁ ዘገያችሁ?»

ታደለን አየሁት። ያችን አንዲት ቃል ቢላት ሽምግልናው እዚያው በር ላይ አለቀ። ሌላ ሰበብ ቢፈጥር ደግሞ እኔ ዝም የምለው አይመስለኝም ነበር። ወንድሜ ታወሰኝ፤ ልጁን እኔን ብሎ ትቶልኝ፣ እኔ በታደለ ጎማ ላይ ጭኜ አመጣሁት።

በመጨረሻ የተናገሩት ጋሽ በላይነህ ናቸው።

«አቶ ዱካሞ» አሉ፣ «እውነቱን ብንነግርዎ አያምኑንም። ውሸቱን ደግሞ ባለፈው ጨርሰነዋል።»

ከኋላችን ማቴዎስ ከባጃጁ ሳይወርድ በሲዳምኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። አቶ ዱካሞም በሲዳምኛ ጠየቁት፣ መለሰላቸው። ከዚያ ሁሉ ንግግር እኔ የለየሁት «ጎማ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ታደለም ለይቶታል፣ ዓይኑን ጨፈነ።

አቶ ዱካሞ ወደ እኛ ተመለሱ።

«እጃችሁን አሳዩኝ» አሉ።

ጋሽ በላይነህ መጀመሪያ ዘረጉ፣ ቀጥሎ እኔ፣ በመጨረሻ ታደለ። ሰልፍ ላይ ጥፍር እንደሚታይ ተማሪ ስድስት ጥቁር እጅ ዘርግተን ቆምን። አንድ በአንድ አዩ። የጋሽ በላይነህን ገልብጠው መዳፋቸውን ተመለከቱ። የታደለን ከሁላችንም ረዘም አድርገው አዩ።

«ባለፈው ስትመጡ» አሉ፣ «ጎማ ቀየርን አላችሁኝ። እጃችሁ ግን የሙሽራ እጅ ነበር፣ ጋቢያችሁም ነጭ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የልጅ እጅ ሳይ ነው የኖርኩት፤ ማን እንደሠራ፣ ማን እንዳልሠራ ከእጅ ነው የማውቀው። የከፋኝ መዘግየታችሁ አይደለም። ምሕረት አንድ ልጄ ናት። የምሰጣት ቤት ጎማው ሲተነፍስ ተነፈሰ፣ ሳይተነፍስ አልተነፈሰም የሚሉበት ቤት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ኳስ እያየሁ ነበር ያኔ» አለ ታደለ፣ በጣም በትንሽ ድምፅ።

«ማን አሸነፈ?»

«ተሸነፍን።»

«ጥሩ» አሉ አቶ ዱካሞ፣ በሩንም ሰፋ አድርገው ከፈቱት።

ሳሎኑ ውስጥ የምሕረት አጎቶች ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ወንበር ለቀቁልን። አልተቀመጥንም። ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም፣ ይህ የእኛም የእነሱም ወግ ነው። ጋሽ በላይነህ በጭቃ ጋቢያቸው፣ በጥቁር እጃቸው ቆመው ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። ፍርድ ቤት የኖሩበት ድምፅ ወጣቸው፤ እንደዚያ ጥርት ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። አቶ ዱካሞ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ጓዳ ገቡ። ከጓዳ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ የሴት ልጅ ድምፅም ያለበት መሰለኝ። ግድግዳው ላይ የምሕረት የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል። እሱን እያየሁ ጠበቅኩ።

ሲመለሱ በአንድ እጃቸው የውሃ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው መታጠቢያ ሳህን ይዘዋል። ትከሻቸው ላይ ፎጣ አለ። በዚያ ቤት ውሃ የሚያስታጥብ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ራሳቸው መጥተው ጋሽ በላይነህ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ታጠቡ» አሉ።

ጋሽ በላይነህ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «መልስዎን ሳንሰማ አንታጠብም።»

«ይዤው መጥቻለሁ እኮ» አሉ አቶ ዱካሞ፣ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርገው። «ታጠቡና ብሉ።»

እልል ያሉት የምሕረት እናት ናቸው፣ ከጓዳ። እኔ አለቀስኩ፣ የምደብቀው ነገር የለም። በጥቁር እጄ ፊቴን ስጠርግ ደግሞ ፊቴም ጠቆረና አጎቶቿ ሳቁብኝ። ከዚያ ከእንሰት የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ ርሶ ከእርጎ ጋር ቀረበ። ወይዘሮ ፀዳለ ይቅር ይበሉኝና ሀዋሳ ከበላሁት ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ማቴዎስንም አስገብተው ከእኛ እኩል አስቀመጡት። ሠርጉ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሁን የሚለው ገና ነው፤ ለእሱ ሌላ ሽማግሌ ይፈልጉ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ዳዊትን ከግቢው ጥግ ሆኜ ደወልኩለት። ታጥበን በላን አልኩት። «ጋሼ፣ ይቆዩኝ ልቀመጥ» አለኝ።

እሁድ

ጎማው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ደርሶ ነበር። ወንዴ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከፍቶ ገጠመልን፣ የጎበጡ ብረቶቹንም አሳይቶ ወቀሰን። ታደለ ዓርብ ዕለት እምቢ ያላትን ያገለገለች ተራ ጎማ ሳይጠየቅ ገዛ። ጫማዎቹንና ካውያውን ከጎድጓዳው አውጥቶ እሷን አስገባት። ሁለት ጊዜ ከፍቶ እንዳለች አረጋገጠ።

መንገዱ ሁሉ ሰላም ነበር። ቢጫው መብራት አልበራም፣ ቢበራ ኖሮ ታደለ እኔ ሳልናገር ይቆም ነበር ብዬ አምናለሁ። ጋሽ በላይነህ ከጥቁር ውሃ እስከ ቃሊቲ ተኙ። እኔ ግን አንድ ነገር ገርሞኝ ቆየ፤ ታደለ ግራ እጁን ከመሪው ላይ አያወርድም፣ ምሳ ላይ ስንታጠብ ቀኙን ብቻ ታጠበ፣ ግራውን ኪሱ ከተተ። ቅዳሜ አቶ ዱካሞ ውሃ ሲያፈሱልንም ቀኙን ብቻ ነበር የታጠበው።

ቤቱ ስንደርስ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ቅዳሜ ማታ እንመለሳለን ብለናት ነበር። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

«ደግሞ ምን ሆናችሁ ቆያችሁ?»

«ጎማ ተነፍሶብን» አለ ታደለ፣ እና ከኪሱ አውጥቶ ጥቁር ግራ እጁን ዘረጋላት።